ስኩባ ዳይቪንግ፡ ከቀይ ባሕር እስከ ዛንዚባር የት፣ መቼ እና ከማን ጋር?

ኅዳር 16/2017 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ‘ሲ ስቶሪ’ የተሰኘች የጠላቂ ቱሪስቶች መርከብ በግብፅ ማርሳ አላም አቅራቢያ ሰጠመች። ከ40 በላይ ሰዎችን አሳፍራ ነበር። ከእነዚህ መካከል 11ዱ ሞተዋል፤ አልያም የገቡበት ሳይታወቅ ቀርቷል። አደጋው በደረሰበት ሰዓት በመጥለቅ ላይ የነበረ ሰው አልነበረም፤ ብዙዎቹ መንገደኞች በክፍላቸው ተኝተው ነበር።

የአገሪቱ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ባሕሩ እንደሚናወጥ አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። መርከቧ ግን ጉዞዋን ጀመረች።

ለስኩባ ዳይቪንግ ዕረፍት የሚያቅዱ ሰዎች በአብዛኛው የሚመርጡት ባሕሩን ነው። ፎቶግራፍ ያያሉ፣ ዋጋ ያነጻጽራሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ። ፎቶግራፉ ስለ ዓሣውና ስለ ኮራሉ ብዙ ይናገራል፤ ሲሊንደሩን አየር ስለሚሞላው፣ ጀልባውን ስለሚያንቀሳቅሰው እና ውሃ ውስጥ አብሮ ስለሚገባው ሰው ግን ምንም አይልም። የጠላቂው ደኅንነት ደግሞ ከሁሉ በላይ በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

የትኛው ባሕር፣ በየትኛው ወር?

ለአካባቢው ተጓዦች ምርጫው ሰፊ ነው። ጂቡቲ በዓለም ትልቁ የዓሣ ዝርያ በሆነው ዌል ሻርክ ትታወቃለች። እነዚህ ግዙፍ ግን ሰውን የማይተናኮሉ ዓሦች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በተለይም በአርታ ዳርቻ ይታያሉ። ለዚህ ሲሊንደር መሸከም አያስፈልግም፤ ዓሦቹ ከውሃው ወለል ብዙም ስለማይርቁ ጭምብልና የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። በባብ ኤል መንደብ አቅራቢያ የሚገኙት ‘ሰባቱ ወንድማማቾች’ ደሴቶች ግን ሌላ ነገር ናቸው። የውሃው ጅረት ኃይለኛ በመሆኑ ልምድ ላላቸው ጠላቂዎች ብቻ የሚመከሩ ናቸው።

ግብፅ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናት። ጥርና የካቲት ላይ ውሃው እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚወርድ ወፈር ያለ የዋና ልብስ ያስፈልጋል። ከሻርም ኤል ሼክ ተነስቶ በአውሮፓውያኑ 1983 ወደተከለለው የራስ ሞሐመድ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ይቻላል። በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ የሰጠመችው የብሪታኒያ የጭነት መርከብ ‘ቲስልጎርም’ም በ30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ከነጭነቷ ተኝታለች።

ኬንያና ታንዛኒያ የሚታዘዙት በነፋሱ ነው። ከሚያዝያ አንስቶ የሚነፍሰውና በአካባቢው ‘ኩሲ’ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ባሕሩን ያናውጣል፤ ውሃውንም ያደፈርሳል። በመሆኑም ዋታሙን፣ ዲያኒን ወይም በዛንዚባር ምኔምባን ለማየት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይመረጣል። በታንዛኒያዋ ማፊያ ደሴትም ዌል ሻርኮች የሚታዩት በዚሁ ወቅት ነው። በሐምሌ ርካሽ የሆነ ጥቅል ጉዞ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው።

ሱዳን ለጠላቂዎች የተለየ ስም ያላት አገር ነበረች። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በ1963 ሰዎች የኖሩበትን የባሕር ውስጥ ቤት ያቆመው በፖርት ሱዳን አቅራቢያ ሻዕብ ሩሚ በተባለ ሪፍ ላይ ነው። ሳንጋነብና ዱንጎናብም በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ለዕረፍት የሚታሰብ ስፍራ አይደለም።

ባሕሩ ከጠላቂው ልክ ሲያልፍ

የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት፣ በተለምዶ ‘ኦፕን ዋተር’ የሚባለው፣ ባለቤቱን እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይፈቅድለታል። ቀጣዩ ደረጃ እስከ 30 ሜትር ያደርሳል፤ የመዝናኛ ዳይቪንግ የመጨረሻ ወሰን ደግሞ 40 ሜትር ነው። በሲናይዋ ዳሃብ የሚገኘው ‘ብሉ ሆል’ ይህ ወሰን ለምን እንደተቀመጠ ያሳያል። ጠላቂዎችን የሚያጓጓው በድንጋይ ውስጥ የተፈለፈለ ቅስት የሚገኘው ከ50 ሜትር በታች ነው። በዳርቻው ዓለት ላይ የተለጠፉት የመታሰቢያ ጽሑፎች ደግሞ ወደዚያ ወርደው ያልተመለሱ ሰዎችን ስም የያዙ ናቸው።

ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቀናት ይፈጃል። ሠልጣኙ 200 ሜትር መዋኘትና ለ10 ደቂቃ ያህል ውሃ ላይ መንሳፈፍ መቻል አለበት። ባሕር በሌለበት ደጋ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ፈተና አይደለምና ዋናውን እዚያው በሚኖሩበት ከተማ ገንዳ ውስጥ ተምሮ መሄድ ገንዘብም ጊዜም ያተርፋል።

የሚጠይቅ ማዕከል

ጥሩ የዳይቪንግ ማዕከል ከሚጠየቀው ይልቅ የሚጠይቀው ይበልጣል። የምስክር ወረቀት ያያል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቁት መቼ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ዓመት ካለፈዎት ጥልቀት በሌለው ውሃ ሳይፈትንዎት ወደ ሪፍ አይወስድዎትም። “ችግር የለም፣ ነገ ጠዋት ይምጡ” የሚል መልስ ብቻ የሚሰጥ ማዕከል ደንበኛ የማያጣ ሊሆን ይችላል፤ ለመመረጥ ግን ይህ አይበቃውም።

የአሰልጣኙን የሙያ ቁጥር መጠየቅ ነውር አይደለም። እንደ ፓዲ ያሉ የሥልጠና ተቋማት የአሰልጣኞቻቸውን ፈቃድ በድረ ገጻቸው ለማረጋገጥ ያስችላሉ። ቀጥሎ ስለ አየሩ ይጠየቅ። የኮምፕሬሰሩ አየር መሳቢያ ከጄነሬተር ወይም ከሞተር ጭስ አጠገብ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል። ይህ ጋዝ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ስለዚህ አየሩን ማሽተት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የቅርብ ጊዜ የአየር ምርመራ ውጤት እንዲያሳዩ መጠየቅ ይገባል።

በጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩን፣ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው መኖሩን እና ጠላቂዎቹ ውሃ ውስጥ ሳሉ ጀልባው ላይ ነጂ የሚቀር መሆኑንም በዓይን ማየት ይቻላል። የቡድኑ ብዛትም ወሳኝ ነው፤ ጅረት ባለበት ውሃ አንድ መሪ ከአራት በላይ እንግዶችን በቅጡ መከታተል ይከብደዋል።

ብዙዎች የማያነሱት፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ስለ ገንዘብ ነው። ባሕሩ ከተናወጠና ጉዞው ከተሰረዘ ክፍያው ይመለሳል? የሚመልስ ማዕከል ካፒቴኑን በማዕበል ውስጥ እንዲወጣ የሚገፋው ነገር አነስተኛ ነው። የማይመልስ ግን ደንበኛውንም ሠራተኛውንም “እንሂድ” ወደሚል ውሳኔ ይገፋል።

ለቀናት ባሕር ላይ የሚያድሩ መርከቦች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በ2023 ‘ሀሪኬን’ በተባለች መርከብ ላይ በተነሳ እሳት ሦስት የብሪታኒያ ቱሪስቶች ሞተዋል። የብሪታኒያ የባሕር አደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤትም በ2025 ባወጣው ማሳሰቢያ በቀይ ባሕር ላይ በእነዚህ መሰል መርከቦች በአምስት ዓመታት ውስጥ 16 አደጋዎች መድረሳቸውን ጠቅሶ፣ ተጓዦች በምርጫቸው ብርቱ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ መክሯል። ተሳፋሪ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ከመኝታ ክፍሉ የሚወጣበትን ሁለተኛ መንገድ ሊያውቅ ይገባል። መንገዱን በእግሩ ሄዶ፣ በሩ ያልተቆለፈ መሆኑን በእጁ ፈትሾ ማለት ነው። ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሠራተኛ መኖሩንና የስልክ ባትሪዎች የት እንደሚሞሉም ይጠይቅ።

ወደ ደጋ ሲመለሱ

በአካባቢያችን ልዩ ትኩረት የሚሻው የመመለሻው መንገድ ነው። ጠላቂ በጥልቀት ላይ ሳለ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ በፍጥነት ሲቀንስ ይህ ጋዝ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ሊሠራ ይችላል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል። በዚህ የተነሳ ‘ዳን’ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት፣ ከአንድ ጊዜ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለቀናት ወይም ደጋግሞ ከመጥለቅ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ በአውሮፕላን መሳፈር እንደማይገባ ይመክራል።

ብዙዎች ይህን የአውሮፕላን ሕግ ብቻ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን የአየር መንገድ አውሮፕላን ውስጣዊ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመጣጠን ነው። አዲስ አበባና አሥመራ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ናይሮቢም ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ጠዋት ምጽዋ ላይ ጠልቆ ከሰዓት በመኪና አሥመራ የሚገባ ሰው፣ ወይም ከጂቡቲ በባቡር ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ፣ ለሰውነቱ አውሮፕላን ከመሳፈር የተለየ ነገር አላደረገም። የመጨረሻው ቀን ለከተማ ጉብኝት ወይም ለባሕር ዳርቻ መዝናኛ ቢተው ይሻላል።

ሕመሙ ከተከሰተ የሚታከመው በኦክስጅንና በግፊት ሕክምና ክፍል ነው። ሻርም ኤል ሼክና ሁርጋዳ ይህ ሕክምና አላቸው። ወደ ሌላ ስፍራ የሚሄድ ሰው ከመክፈሉ በፊት ማዕከሉን “የሚቀርበው የት ነው? በስንት ሰዓት ይደረሳል? ማን ያጓጉዛል?” ብሎ ይጠይቅ። የተለመደው የጉዞ መድን ዳይቪንግን ጭራሽ ሊያካትት እንደማይችል፣ ቢያካትትም በጥልቀት ሊገድበው እንደሚችል አስቀድሞ ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ማዕከላቱ የሚያስሞሉት የጤና ቅጽ ስለ አስም፣ ስለ ልብ ሕመም፣ ስለ ጆሮና ስለ እርግዝና ይጠይቃል፤ ነፍሰ ጡሮች እንዲጠልቁ አይመከርም። “አዎ” የሚል መልስ ካለ የሐኪም ፊርማ ሊያስፈልግ ይችላል። ቅጹን ከጉዞው ሳምንታት በፊት አስልኮ የራስን ታሪክ ለሚያውቅ ሐኪም ማሳየት ከተቻለ፣ በመጨረሻው ሰዓት ጀልባው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀ “የለም” የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ለማድረግ የሚያስገድድ ነገር አይኖርም።