አና ሜይ ዎንግ እና የተነፈጋት ሚና

«ፒካዲሊ» በ1929 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። የአንድ የለንደን ምሽት ክለብ ባለቤት ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ሲወርድ አንዲት ወጣት ሥራዋን ጥላ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ትደንሳለች፤ ሌሎቹ አጣቢዎች ሳህናቸውን ረስተው ያዩዋታል። ካልሲዋ ተተርትሯል። ዳንሷ ዝግ ያለ ነው፤ ከዳሌዋና ከእጆቿ በቀር እምብዛም አትንቀሳቀስም። የዋና ኮከብነቱን ቦታ የያዘችው ጊልዳ ግሬይ ነበረች። ዛሬ ፊልሙን የምናየው ግን ለዚህች አጣቢ፣ ለአና ሜይ ዎንግ ስንል ነው።

ዎንግ በ1905 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከቻይናውያን ዝርያ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ላውንደሪ ነበራቸው፤ እሷ ደግሞ ከትምህርት ቤት እየቀረች ፊልም ሲቀረጽ ስታይ ትውላለች። በ17 ዓመቷ ከመጀመሪያዎቹ ባለቀለም ፊልሞች አንዱ በሆነው «ዘ ቶል ኦቭ ዘ ሲ» መሪ ተዋናይት ሆነች። ከዚያ በኋላ ሆሊውድ የሚሰጣት በአብዛኛው የባሪያ፣ የተንኮለኛ ወይም በመጨረሻ የምትሞት ሴት ሚና ነበር። በ1928 ወደ አውሮፓ አቀናች። ፊልም ላይ ድምፅ ሲመጣ ስንቱ ኮከብ ሲከስም፣ እሷ አንዱን ታሪክ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ተጫወተችው።

ትልቁ በደል የደረሰባት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው ባይ ነኝ። የፊልም ኩባንያው ኤም ጂ ኤም ስለ ቻይናውያን ገበሬ ባልና ሚስት የሚተርከውን የፐርል ባክን ልቦለድ «ዘ ጉድ ኧርዝ»ን ወደ ፊልም ሊለውጥ ተነሣ። የባልየው ሚና ለነጩ ለፖል ሙኒ ተሰጠ። የነጭና የጥቁር ፍቅር በፊልም እንዳይታይ የሚያግደው የሆሊውድ ደንብ ደግሞ በተግባር እስያውያንንም ይነካ ነበርና፣ ሚስትየዋን ቻይናዊት ልትጫወታት አልቻለችም። ሉዊዘ ራይነር በሜካፕ ቻይናዊት መስላ ተጫወተች፤ ኦስካርም ተሸለመችበት። ለዎንግ የተረፋት የቤቱን ሰላም የምታናጋው የቁባቷ የሎተስ ሚና ነበር። አልቀበልም አለች።

በ1936 የአባቶቿን አገር ለማየት ቻይና ሄደች። እዚያም «በፊልሞችሽ ስማችንን አጠፋሽ» ባዮች ጠበቋት። ይህ ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ገጸ ባሕርያቱን የፈጠሩት ሌሎች ሆነው ሳለ ወቀሳው የወደቀው በእሷ ላይ ነው።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ ዱሞንት የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ መሪ ተዋናይት ያደረጋትን ተከታታይ ድራማ አቀረበ። የሥዕል ጋለሪ ባለቤትና ወንጀል መርማሪ ሆና ተጫወተች፤ የገጸ ባሕርይዋም ስም ወላጆቿ ያወጡላት የቻይና ስም፣ ሊው ጾንግ፣ ነበር።