የኮምፒዩተር መገናኛ መረብ መሠረተ ሐሳብ ታሪካዊ አመጣጥ

ስለ ኮምፒዩተር መገናኛ መረብ የሚያስተምሩ ብዙ መጻሕፍት ትምህርቱን የሚጀምሩት ሰባት እርከኖች ካሉት ሰንጠረዥ ነው። ተማሪውም የእርከኖቹን ስም በቅደም ተከተል እንዲያጠና ይደረጋል። ሰንጠረዡ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የወጣው በ1984 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ መረብ ግን ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ሥራ ጀምሮ ነበር። ስለሆነም ትምህርቱ ከሰንጠረዡ ሲጀመር ተማሪው መልሱን እንጂ መልሱን የወለደውን ጥያቄ አያገኝም።

ጥያቄው የመነጨው ከቴሌፎን አሠራር ነው። በቴሌፎን ደዋዩና ተደዋዩ በማዞሪያ ጣቢያ አማካይነት በአንድ መስመር ይያያዛሉ፤ ንግግሩ እስኪያበቃም ድረስ መስመሩ ለእነርሱ ብቻ ይያዛል። ሁለቱ ዝም ቢሉም እንኳ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ይህ ለሰው ንግግር ተስማሚ ነው፤ ኮምፒዩተር ግን ለቅጽበት ብዙ ተናግሮ ለረጅም ጊዜ ዝም የሚል በመሆኑ፣ መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥራ ተይዞ ይቀራል።

በአሜሪካ በራንድ ድርጅት ይሠራ የነበረው ፖል ባራን የተነሣው ከሌላ ችግር ነበር፤ ጦርነት የመረቡን ከፊል ቢያፈርስ የተረፈው ክፍል እንዴት ይገናኛል የሚል። በ1964 ባሳተማቸው ጥናቶች ውስጥ መልእክቱ 1,024 ቢት በሚይዙ ቁራጮች እንዲከፋፈል፣ እያንዳንዱም ቁራጭ አድራሻውን ተሸክሞ በተገኘው መንገድ እንዲጓዝ ሐሳብ አቀረበ። የቴሌፎን መሐንዲሶች አልተቀበሉትም። ያገዳቸው የዕውቀት ማነስ አይመስልም፤ ይልቁንም ስለ መስመር የነበራቸው ጥልቅ ዕውቀት ሌላውን አማራጭ ሸፍኖባቸው ነበር። በእንግሊዝ አገር ዶናልድ ዴቪስ ስለ ባራን ሳያውቅ በ1965 እዚሁ ሐሳብ ላይ ደረሰ። ለቁራጩም «ፓኬት» የሚል ስም ሲያወጣ፣ ቃሉ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች በቀላሉ የሚመለስ እንዲሆን የቋንቋ ባለሙያ አማክሯል። በእርግጥም «ጥቅል» የሚለው የአማርኛ ቃል ሐሳቡን በሚገባ ይይዘዋል።

አርፓኔት በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥር በሚገኝ የምርምር ድርጅት ገንዘብ ሲዘረጋ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ጥቅሎቹን የማመላለሱ ተግባር በየጣቢያው ለሚተከሉ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ተሰጠ፤ ሥሪታቸው የተለያየ ትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች በምን ደንብ እንደሚግባቡ መወሰኑ ግን በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ወደቀ። እርከን የሚባለው ነገር በተግባር የታየው በዚህ ክፍፍል ነው፤ የላይኛው፣ የታችኛው ሥራውን እንዴት እንደሚፈጽም ማወቅ አላስፈለገውም።

ተማሪዎቹ ከ1968 ክረምት ጀምሮ ይሰበሰቡ ነበር። ከመካከላቸው ስቲቭ ክሮከር፣ ቪንት ሰርፍና ጆን ፖስተል በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። ፕሮፌሰራቸው ሌናርድ ክላይንሮክ የመልእክት ወረፋን በሒሳብ ያጠኑ ምሁር ቢሆኑም፣ የመግባቢያውን ደንብ የሚያስተምር መጽሐፍ በዓለም ላይ አልነበረም። ተማሪዎቹ አንድ ቀን ሥልጣን ያለው አካል መጥቶ ሥራውን ይረከበናል ብለው ይጠብቁ ነበር፤ የመጣ ግን የለም።

ክሮከር የመጀመሪያውን ማስታወሻ አብረውት የሚኖሩትን ላለመረበሽ በሌሊት በመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሆኖ ጻፈ። ኃላፊዎችን እንዳያስቀይም በመስጋትም ለማስታወሻዎቹ «የአስተያየት መጠየቂያ» የሚል ትሑት ስም ሰጣቸው። በዚያው በሚያዝያ 1969 የወጣው ሦስተኛው ማስታወሻ የአጻጻፉን ሥርዓት ሲደነግግ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሆንም ይበቃል፤ መልስ የሌለው ጥያቄም ይቀርባል አለ። ሁለት ምክንያት አስቀምጧል። አንደኛው፣ በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ሁሉ እንደ ሥልጣን ቃል ስለሚታይ ያንን ለማስቀረት ነው፤ ሁለተኛው፣ ሰው ያልተስተካከለ ሐሳብ ለማሳየት የሚሰማውን ፍርሃት ለማቃለል ነው። ትምህርትን ለሚያጠና ሰው ይህ ከቴክኒኩ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ነው።

በጥቅምት 29 ቀን 1969 ሌሊት ተማሪው ቻርሊ ክላይን ከሎስ አንጀለስ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወደሚገኘው ኮምፒዩተር የመግቢያውን ቃል መጻፍ ጀመረ። «ኤል» ደረሰ፤ «ኦ» ደረሰ፤ መድረሳቸውም በቴሌፎን ይረጋገጥ ነበር። «ጂ» ሲጻፍ ግን ተቀባዩ ኮምፒዩተር ቃሉን ራሱ ለመጨረስ የቀሩትን ፊደሎች ባንድ ላይ ሲመልስ፣ ፕሮግራሙ አንድ በአንድ ለማስተናገድ ብቻ የተሰናዳ ስለ ነበረ ተበላሸ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተጠግኗል።

አርፓኔት በጥር 1 ቀን 1983 ሰርፍና ሮበርት ካን በ1973 ጀምረውት ወደ ነበረው የመግባቢያ ደንብ ተዛወረ። የዛሬው ኢንተርኔትም የሚሠራው በሰባቱ እርከኖች ሥርዓት ሳይሆን በዚሁ ደንብ ነው፤ ሰንጠረዡ ለማስተማሪያነት ቀርቷል። ማስታወሻዎቹ በተከታታይ ቁጥር መውጣታቸውን ቀጥለው በ2021 ከ9,000 አልፈዋል፤ ማንም ያለ ክፍያ ሊያነባቸው ይችላል። በቁጥር 1 ላይ ክሮከር መልሳቸውን ያላወቃቸውን አራት ጥያቄዎች ዘርዝሯል። የመጀመሪያው፣ ለማገናኛ መለያ 8 ቢት ተመድቦ ሳለ የተፈቀዱት ማገናኛዎች 32 ብቻ የሆኑት ለምንድን ነው የሚል ነው።