የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ፦ ዓይነቶቹ፣ አያያዙና አወጋገዱ

የወር አበባ በሽታም ነውርም አይደለም። ማሕፀን ለጽንስ ያዘጋጀው ውስጠኛ ሽፋን፣ ጽንስ ሳይፈጠር ሲቀር ከደም ጋር የሚወገድበት ተፈጥሯዊ ሂደት ነው። በአብዛኞቹ አዋቂ ሴቶች ዑደቱ ከ21 እስከ 35 ቀናት ባለው ጊዜ ይመላለሳል፤ ደሙም ከ2 እስከ 7 ቀናት ይቆያል። በጉራጌ ዞን መቀመጫ በወልቂጤም ሆነ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በቡታጅራ፣ የንጽሕና መጠበቂያን ማግኘት የጉዳዩ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ውኃ፣ ፀሐይና ትክክለኛ አወጋገድ ነው።

አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት

በከተማም በገጠርም ይህ ዓይነቱ በተለምዶ «ሞዴስ» ይባላል። ስሙ የመጣው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ ለገበያ ከቀረበ የምርት ስም ነው። ከላይ ፈሳሽ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ መካከሉ ላይ ፈሳሽ የሚመጥ የእንጨት ጭረትና ልዩ ኬሚካል፣ ከታች ደግሞ ፈሳሽ የማያሳልፍ ፕላስቲክ አለው። ባይሞላም በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ሊቀየር ይገባል።

ታጥቦ በድጋሚ የሚያገለግለው

ከጨርቅ የሚሠራ ሲሆን፣ በአግባቡ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። በአገራችን በዚህ ሥራ የታወቁት የኬሚካል መሐንዲሷ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው። በመቀሌ ባቋቋሙት ፋብሪካ ይህንኑ ምርት በማቅረባቸው በ2019 (እ.ኤ.አ.) የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተሸልመዋል። መግዣው በአንድ ጊዜ የሚወጣ ቢሆንም ወጪው በየወሩ አይደጋገምም። ስለዚህ ጫት፣ ቡና ወይም በርበሬ ተሽጦ ገንዘብ በእጅ በሚገባበት ወቅት ለቤቱ ሴቶች የሚበቃውን ገዝቶ ማስቀመጥ ለአርሶ አደር ቤተሰብ ይመቻል።

ውኃና ፀሐይ

ታጣቢው ጨርቅ ያለ ውኃ ደኅንነቱ አይጠበቅም። ወልቂጤን የመሰሉ፣ በመጠጥ ውኃ እጥረት ለረጅም ጊዜ የተቸገሩ ከተሞች ነዋሪዎች ይህን አስቀድመው ማሰብ ይኖርባቸዋል። ቧንቧው በሚጠፋባቸው ቀናት የሚጣለውን፣ ውኃ ሲኖር ታጣቢውን መጠቀም አንዱ መፍትሔ ነው።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋልና። ቀጥሎ በሳሙና ታጥቦ ውኃው እስኪጠራ ይለቀለቃል። በመጨረሻ በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው በዚህ በመጨረሻው ደረጃ ነው። ጨርቁ ሰው እንዳያየው ተብሎ ከፍራሽ ሥር ወይም ከቤት ጓዳ ሲሰጣ ርጥበቱ አይለቀውም፤ ርጥበት ደግሞ ጀርምና ሻጋታ ያራባል። ለዓይን የከበዳት ሴት በላዩ ስስ ንጹሕ ነጠላ ጣል አድርጋ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ልትሰጣው ትችላለች። የእናትና የልጅ፣ የእህትማማች ቢሆንም እንኳ መጠበቂያን በጋራ መጠቀም አይገባም።

ከመቀየር በፊትና በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ውጫዊውን አካል በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል፤ ሳሙናን ወደ ብልት ውስጥ ማስገባት ተፈጥሯዊውን መከላከያ ያዛባል።

አወጋገድ

የሚጣለው መጠበቂያ በወረቀት ተጠቅልሎ ክዳን ባለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይቀመጣል። በውኃ በሚሠራ መጸዳጃ ቤት ከተጣለ ቱቦውን ይዘጋል፤ በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ከተጣለም ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ ለመምጠጥም ያስቸግራል። በእንሰት ጓሮ ወይም በግጦሽ መሬት ላይ መጣል ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው፦ ፕላስቲኩ በአፈር ውስጥ ለትውልዶች ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ከብት ከበላውም በሆዱ ተጠራቅሞ እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል።

የጤና ባለሙያ ማየት የሚገባው

ደሙ ከ7 ቀናት በላይ ከቆየ፣ አንዱ መጠበቂያ በየሰዓቱ ወይም በየ2 ሰዓቱ እየሞላ ካስቸገረ፣ መጥፎ ሽታ፣ ማሳከክ ወይም ትኩሳት ካለ፣ ሕመሙ ከትምህርትና ከሥራ ካስቀረ፣ ወይም የወር አበባ እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ካልመጣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ለምክር የቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት ለደም ማነስ ትጋለጣለች። ስለዚህ ከቆጮው ጋር ጥራጥሬ፣ ጎመንና ሲገኝም ሥጋ መመገብ፣ ቡናና ሻይን ደግሞ ከምግብ ሰዓት ማራቅ ይጠቅማታል፤ ሁለቱም ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳሉና።

ዓለም አቀፉ የወር አበባ ንጽሕና ቀን ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን ይከበራል። በቤት ውስጥ ግን ጉዳዩ በየወሩ የሚመለስ ነው። አባት ለገበያ ሲወጣ ከዘይቱና ከሳሙናው ጋር የልጁንም መጠበቂያ ከገዛ፣ ልጅቱ በእነዚያ ቀናት ከትምህርት ገበታዋ አትቀርም።