አንድ ዓመት ቢቆይስ?

ባለፈው ሳምንት ከጥሊሊ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የአክስቴ ልጅ ነው። ፍሬሽማን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል፤ ውጤቱ የሚያኮራ ነው፤ ሕክምና ደርሶታል። «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ ሳልጨርስ «ለአንድ ዓመት ዊዝድሮው ልሞላ ነው» አለኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። በእኛ ቤት ሕክምና የደረሰው ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም። ደርሶት ቆይ የሚል ይኖራል ብሎ ያሰበማ ጭራሽ የለም።

ጥሊሊን ለማታውቁ፣ ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስትጓዙ የምታገኟት የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። ወሬው ሰፈሩን ያዳረሰው እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። አጎታችን (እሳቸው ሲናገሩ ሁሉም ዝም ይላል) ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግተውታል፦ «አንድ ዓመት ከተቀመጠ ዲከረንስ ሲቆርጥ፣ ከሰል ሲጭን ነው የምናገኘው።» ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ በአዊ የእርሻውን መሬት እየወረሰ ከመጣ ወዲህ ተክለውት በአራት በአምስት ዓመቱ ለከሰል ይደርሳል፤ ከሰሉም በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ገንዘብ የቆጠረ ጎረምሳ ወደ ደብተር ሲመለስ አጎቴ አላዩም።

የልጁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጦርነቱ አንድ ዓመት በልቶበታል። ትምህርት ሲከፈት እየሮጠ፣ ሲዘጋ እየጠበቀ ነው እዚህ የደረሰው፤ ድካሙ ገና አልወጣለትም። ታናናሾቹ ደግሞ ፊደል እየረሱ ነው፤ እነሱን ሰብስቦ ማስተማር ይፈልጋል። ሦስተኛውን ምክንያት ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። አያታችን ታመው ሐኪም ቤት በወሰዳቸው ጊዜ እሳቸው የሚናገሩት አውኚ ብቻ ስለሆነ አስተርጓሚው እሱ ነበር። «የት ጋ እንደሚያማቸው ለሐኪሙ ስነግረው ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ» አለኝ። «የራሴን ቋንቋ በደንብ አላውቀውም። ስድስት ዓመት በእንግሊዝኛ ከተማርኩ በኋላማ ጭራሽ ይጠፋኛል።»

ምክር መስጠት ያስፈራኛል። ስለዚህ እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ዞሬ ከእሱ በፊት ማን እንደቆመ መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ገረመኝ። በዚህ አገር በትምህርት መካከል የሚገባ ዓመት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከስልሳ ዓመት ወዲህ ትውልድ ሁሉ አንድ አንድ ደርሶታል። የማይገኘው ዓመቱን ራሱ የመረጠ ሰው ነው። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።)

ፈረንጆቹ «ጋፕ ዪር» ይሉታል። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት አንድ ዓመት አገር ማየት፣ መሥራት፣ ማረፍ ነው። በእንግሊዝ ይህን ሥራዬ ብለው ከያዙት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ ፕሮጀክት ትረስት ነው፤ የተመሠረተው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በጎ ፈቃደኞች የላካቸው የት መሰላችሁ? ኢትዮጵያ! ሕንድ አይደለም፣ አውስትራሊያም አይደለም። የእንግሊዝ ልጆች የዕረፍት ዓመታቸውን ሊያሳልፉ እዚህ ሲመጡ የእኛዎቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ደግሞ በግዴታ የአንድ ዓመት አገልግሎት ላይ ነበሩ። መንገድ ላይ ተገናኝተው ይሆን? ብዬ አስባለሁ።

የግዴታው ነገር እንዲህ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል ደንብ ወጣ። ተማሪው ባብዛኛው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ ያገለግላል፤ ያላገለገለ ዲግሪ አያገኝም። አብዛኞቹ የተላኩት አስተማሪ ሆነው ነው። አስተማሪ ያጣ የአውራጃ ትምህርት ቤት በእነዚህ ልጆች ተነፈሰ። መንግሥት ያላሰበው ነገርም አብሮ መጣ። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ጭሰኛው እህሉን ለባለመሬቱ ሲያካፍል ዓይኑ እያየ ዓመቱን ጨረሰ። «መሬት ላራሹ» ብለው የካቲት 1957 ላይ ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች በመጽሐፍ ያነበቡትን፣ ከእነሱ በኋላ የተመለሱት በዓይናቸው ያዩትን ይዘው ነው የጮኹት።

በነገራችን ላይ ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1952 እ.ኤ.አ. አንድ የቦነስ አይረስ የሕክምና ተማሪ ትምህርቱን አቁሞ ከጓደኛው ጋር በሞተር ብስክሌት ደቡብ አሜሪካን ዞሯል፤ ፔሩ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ገብቶ አገልግሏል። ተመልሶ በዓመቱ በሐኪምነት ተመረቀ፤ ግን ብዙም ሐኪም ሆኖ አልቆየም። ስሙ ኤርኔስቶ ጉቬራ ነው። (ይህን ለአጎቴ አልነግራቸውም። ከከሰሉ የባሰ ነው የሚሆንባቸው።)

የእኛ ትልቁ «ጋፕ ዪር» ግን በ1967 መጣ። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት «የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ታወጀ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ አስተማሪዎቻቸውም ጭምር፣ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ካኪ ለብሶ ወደ ገጠር ተሰማራ። ያልዘመተ ትምህርት መቀጠልም ሥራ መያዝም አይችልም ተባለ። በዚያ ዓመት 12ኛ ክፍል የነበረና ሐኪም ልሁን ብሎ የሚያጠና ልጅ ካለ የኬሚስትሪ ደብተሩን አጥፎ ጉድጓድ መቆፈሪያ ያዘ ማለት ነው።

ምን ሠሩ? ማንበብና መጻፍ አስተማሩ። መጸዳጃ ቆፈሩ፣ ምንጭ አጎለበቱ፣ ስለ ንጽሕና ሰበኩ። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ደግሞ ገበሬ ማኅበር የማደራጀቱ ሥራ በእነሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። በደቡብ ጭሰኛው እልል ብሎ ተቀበላቸው፤ ባለመሬቱና አንዳንድ ፖሊስ ደግሞ ተኮሰባቸው፤ የሞቱም አሉ። ወደ ጎጃም የመጡት ግን ሌላ ነገር ነው የጠበቃቸው። እዚህ መሬቱ ርስት ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣውን የሚያርስ ሰው «መሬት ልንሰጥህ መጣን» ሲባል የሚሰማው «ያለህን ልንነካ ነው» የሚል ነው። በ1960 ደግሞ አዲሱን የእርሻ ግብር አልቀበልም ብሎ የሸፈተው የጎጃም ገበሬ ነበር፤ በወታደርና በአውሮፕላን የተመታው ቁስል ገና አልጠገገም። በዚህ መሀል የ18 ዓመት የከተማ ልጅ በካኪ መጥቶ «ተደራጅ» ይለዋል።

እስቲ ይህን ልጅ አስቡት። በአገው ምድር የገባ ከሆነ ቋንቋውንም አያውቅም። ከዘመቻው በኋላ በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲሰጥ አውኚ ከአሥራ አምስቱ ውስጥ አልነበረም። የአዊ ገበሬ ፊደል ለመቁጠር መጀመሪያ አማርኛ መቻል ነበረበት። የአክስቴ ልጅ ሐኪም ቤት ውስጥ ያጋጠመው ነገር ሥሩ ሩቅ ነው።

ስለ ዘመቻው የሚያወሩ ሰዎችን ስሰማ ሁለት ዓይነት ሆነው አገኛቸዋለሁ። አንዱ «አገሬን ያወቅኩት ያኔ ነው» ይላል። ሌላው «ዕድሜዬን ያጣሁት ያኔ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዩኒቨርሲቲው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ መደበኛ ትምህርት ሳይሰጥ ቆይቶ በ1969 ሲከፈት ከተማው የጠበቃቸው በነጭ ሽብርና በቀይ ሽብር ነው። ከካኪ ወደ ነጭ ጋዋን ሊሻገሩ ያሰቡ ስንቶቹ መንገድ ላይ እንደቀሩ ማን ቆጠረ? አንዱ ተገደለ፣ አንዱ ታሰረ፣ አንዱ በሱዳን በኩል ወጣ። የተረፉት ተምረው ሐኪም ሆኑ። ጎንደር ላይ የሐኪሞች ትምህርት በ1970 ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረውም ያ ሁሉ መከራ ባለበት ጊዜ ነው።

ጎንደርን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በደምቢያ በ1945 የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በአንድ ቡድን እየሆኑ ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ ነበር የሚሠለጥኑት። ከጤና መኮንኖቹ ውስጥ ዓመታት ገጠር ሠርተው ኋላ ሕክምና የተማሩ ብዙ ናቸው። በ2004 መንግሥት አሥራ ሦስት ቦታ አዲስ የሕክምና ትምህርት ሲከፍትም የተቀበለው ከ12ኛ ክፍል የመጡትን ሳይሆን የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ነው። ዘግይቶ መግባት ነውር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደረግም ነበር። እኔ ለልጁ ማሳያ የማደርገው ከዘመቻው ይልቅ ይህንን ነው፤ እነዚህ ሰዎች በቆዩበት ጊዜ ውስጥ በሽተኛ አይተዋል።

ቀጥሎ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ታሪክ ከመሆኑ በፊት ሁላችንም የኖርነው ነው። በ1983 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ብላቴ ማሠልጠኛ አስገባቸው፤ ግንቦት ላይ እሳቸው አገር ጥለው ሲሄዱ ተማሪዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሰደዱ። በ2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ፤ የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው የካቲት 2013 መጨረሻ ላይ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ያመለጣቸው የትግራይ ልጆች እስከ 2016 ጠብቀዋል። የ2014 ተፈታኞች ጥቅምት 2015 ላይ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ሲፈተኑ ከ896 ሺህ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ሆነ፤ «ሪሚዲያል» የሚባል ተጨማሪ ዓመትም መጣ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለልጁ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ማንም ራሱ አልመረጠም ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። የእሱ ነገር አዲስ የሆነብኝ እዚህ ላይ ነው። በንጉሡ ዘመን ዩኒቨርሲቲው፣ በደርግ አዋጁ፣ በእኛ ጊዜ ቫይረሱና ጠመንጃው የወሰኑትን ዓመት እሱ በገዛ እጁ ልያዘው አለ። ሁለት ዓይነት ዓመት አለ። አንዱ ዘመቻው ነው፤ ካኪ ለብሰህ ሌላው የጻፈልህን ትሠራለህ። ሌላው የጤና መኮንኖቹ ነው፤ ወደፊት የምታክመው ሰው ዘንድ ቆይተህ ትመለሳለህ። ልጁ የጠየቀው ሁለተኛውን ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝና ያለ ደንብ።

ግን ልቤ ሙሉ አይደለም፤ አልዋሽም። በ1957 የወጣው ተማሪ ሲመለስ ወንበሩ ይጠብቀው ነበር፤ ደንቡ ያስገድደዋልና ደንቡም ይመልሰዋል። ለዚህ ልጅ እንደዚያ ያለ ደንብ የለም። ያለው አንድ የዊዝድሮው ቅጽና በዓመቱ የሚጠየቅ ሪአድሚሽን ነው። መንገድ ቢዘጋስ? እሱ ባለቀበት ዓመት ውስጥ ጥሊሊ ላይ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ማን ያውቃል? አጎቴ ከሰል ሲሉ ሰበቡ ከሰል ይምሰል እንጂ የሚፈሩት ይህን ነው። እናቱ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አላት። በ2017 ግንቦት ሐኪሞች ደመወዝ አልበቃን ብለው ሥራ ማቆማቸውን ሰምታለች፤ «ለዚያም ቢሆን ቶሎ ጨርሶ ይገላገል» ትላለች።

ትናንት ማታ መልሶ ደወለ። ለታናናሾቹ ማስተማር ጀምሯል፤ አያታችን ደጃፍ ላይ ሰሌዳ አቁሞ። መጀመሪያ ቀን አራት ነበሩ፤ አሁን አሥራ ሰባት ሆነዋል። አያታችን ከበርጩማቸው ላይ ሆነው እሱ በአውኚ ሲሳሳት ይሥቁበታል፤ ሥቀውም ያርሙታል። የሰውነት ክፍሎችን ስም አንድ በአንድ ደብተሩ ላይ እየጻፈ ነው፤ ጉበት ላይ ደርሷል።

ቅጹን ግን ገና አልሞላውም። ሬጅስትራር የሚቀበለው እስከ አርብ ነው።