የደበዘዘው ምልክትና ብቸኛው መንገደኛ

መንገድ በካርታ ላይ ሲሰመርና መንገድ በምድር ላይ ሲኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የደን ባለሙያ ሁሉ በሥራው ያውቀዋል። አንድ ጊዜ የተጠረገ የጫካ መንገድ የሚንከባከበው ካጣ ብዙ ክረምት ሳይቆጠር ቁጥቋጦ ይውጠዋል። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ተራሮች ላይ የተዘረጋው የአፓላቺያን የእግር መንገድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ምስክርነቱንም የሰጠው ጉባኤ ወይም መሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. መንገዱን ብቻውን የተጓዘ አንድ የ29 ዓመት ሰው ነው።

የመንገዱ ሐሳብ የፈለቀው ከደን ባለሙያ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የደን ሙያ ተምሮ በ1905 የተመረቀው ቤንቶን ማካይ፣ በኦክቶበር 1921 በአሜሪካ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በአፓላቺያን ተራሮች ጫፍ ጫፉን የሚሄድ አንድ ረጅም የእግር መንገድ እንዲሠራ አሳሰበ። በማካይ አስተያየት መንገዱ ለሽርሽር ብቻ የታሰበ አልነበረም። የከተማ ኑሮና የፋብሪካ ሥራ ያደከመው ሕዝብ የሚያርፍበት፣ በአካባቢውም የጋራ ሰፈሮችና እርሻዎች የሚቋቋሙበት ሰፊ ዕቅድ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1923 በኒው ዮርክ ግዛት በቤር ማውንቴን ተከፈተ። በ1925 ደግሞ ሥራውን የሚያስተባብረው የአፓላቺያን መንገድ ጉባኤ ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ ሐሳቡን ወደ ምድር በማውረድ ረገድ ከሁሉ የበለጠ የደከመው የባሕር ሕግ ጠበቃው ማይረን ኤቨሪ ነው። ከ1931 ጀምሮ ጉባኤውን በሊቀ መንበርነት ሲመራ፣ የመለኪያ ጎማ እየገፋ በየተራራው ወጣ፤ ክበቦችን አደራጀ፤ የመንገድ መምሪያዎችን አዘጋጀ። ሁለቱ ሰዎች በተራሮቹ አናት ላይ በሚሠራው የመኪና ጎዳና ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው በ1935 ተለያዩ። ሥራው ግን አልቆመም። ኦገስት 14 ቀን 1937 በሜይን ግዛት የመጨረሻው ክፍል ሲጠረግ፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው መንገድ ተፈጸመ ተባለ።

ፍጻሜው ግን ዕድሜ አላገኘም። በማግሥቱ ዓመት፣ በሴፕቴምበር 1938፣ ኒው ኢንግላንድን የመታው ከባድ አውሎ ነፋስ ዛፉን እያገላበጠ መንገዱን ዘጋው። በቨርጂኒያም አዲስ የመኪና ጎዳና 190 ኪሎ ሜትር ያህሉን ወሰደበት። ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነት በጎ ፈቃደኞቹን ወደ ግንባር ጠራ፤ ቤንዚንም በራሽን ሆነ። ጥላው የተገፈፈ ደን ምን እንደሚሆን ለባለሙያ መንገር አያስፈልግም፤ ብርሃን ያገኘው መሬት በእሾህና በችግኝ ይሸፈናል። ቀለም የተቀባው ቅርፊት ይላላጣል። ዛፉ ለጣውላ ሲቆረጥም ምልክቱ ከግንዱ ጋር ይሄዳል።

ኤርል ሼፈር ጉዞውን የጀመረው መንገዱ በዚህ ሁናቴ ላይ ሳለ ነው። ይህ የፔንሲልቬኒያ ተወላጅ ከጦርነቱ በፊት ከጓደኛው ጋር መንገዱን ሊጓዝ አስቦ ነበር። እሱ በፓሲፊክ ግንባር በሬዲዮ ሠራተኛነት አገልግሎ ሲመለስ፣ ጓደኛው ግን በኢዎ ጂማ ደሴት ወድቆ ቀረ። ኤፕሪል 4 ቀን 1948 ከጆርጂያው የኦግልቶርፕ ተራራ ብቻውን ሲነሣ፣ ከጉባኤው የጠየቀው መምሪያ በጊዜው አልደረሰውምና በእጁ የነበሩት ተራ የአውራ ጎዳና ካርታዎችና ኮምፓስ ነበሩ። ምልክቱ ሲጠፋበት ይፈልጋል፤ ሲያጣው በግምት ይሄዳል ወይም በመኪና መንገድ ዞሮ ያልፋል፤ የዋለበትንና ያደረበትን በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይጽፋል። ኦገስት 5 ቀን፣ በ124ኛው ቀን፣ በሜይን ከካታዲን ተራራ አናት ላይ ደረሰ።

በዚያው በጋ የጉባኤው አባላት ተሰብስበው፣ መንገዱን በአንድ ወቅት ከጫፍ እስከ ጫፍ መጓዝ የሚሆን ነገር አለመሆኑን ሲነጋገሩ ነበር። ስለዚህ የሼፈርን ወሬ ሲሰሙ ወዲያው አላመኑትም። በዝርዝር ጠየቁት፤ ማስታወሻውንና ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ተመለከቱ፤ በመጨረሻም ተቀበሉት። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2011፣ ማስታወሻውን የመረመረ አንድ ተጓዥ ሼፈር አንዳንድ ክፍሎችን ሳይረግጥ እንዳለፈ ጽፎ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ ስለ ሰውየው ክብር ቢሆንም፣ ስለ መንገዱም የሚናገረው አለ፤ በ1948 ሳይቋረጥ የሚረገጥ አንድ ወጥ መንገድ አልነበረም። የቨርጂኒያው ክፍል በአዲስ መስመር ተተክቶ መንገዱ እንደገና የተያያዘው በ1951 ነው።

ሁለተኛዋ ምስክር ወይዘሮ ኤማ ጌትውድ ናቸው። የ11 ልጆች እናት የሆኑት እኚህ የኦሃዮ ሴት፣ መንገዱን የሚያሞግስ የመጽሔት ጽሑፍ አንብበው በ1954 ከሜይን ቢነሡ ጫካ ውስጥ ጠፍተው ተመለሱ። በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ የሸራ ጫማ ተጫምተው፣ በእጃቸው የሰፉትን ከረጢት በትከሻቸው አንግተው፣ ከጆርጂያ እስከ ካታዲን ብቻቸውን ፈጸሙት። ጋዜጠኞች ሲጠይቋቸውም አላሞካሹም፤ መንገዱ በብዙ ቦታ በአረም የተዋጠና በወደቀ ግንድ የተዘጋ መሆኑን፣ መጽሔቱ እንዳለውም አለመሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ወቀሳቸው በሀገሩ ሁሉ ተሰማ።

ሼፈር ከጉዞው በኋላ አመስጋኝ ብቻ ሆኖ አልተቀመጠም፤ ጉባኤውን በደብዳቤ ጸሐፊነት አገለገለ፣ በትውልድ አገሩም በመንገዱ ጥገና ሥራ ተካፈለ። በ1968 የወጣው ሕግ መንገዱን ብሔራዊ የእግር መንገድ አድርጎ ሲያጸናው፣ በ1978 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ በግል ይዞታ ያለፈበትን መሬት መንግሥት እንዲገዛ አስቻለ። ያም ሆኖ ሕጉ ዛፍ ላይ ቀለም አይቀባም። 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ነጭ ምልክት የሚያድሱት፣ መታጠፊያ ሲመጣ ሁለቱን አንዱን ከአንዱ በላይ የሚቀቡት፣ የወደቀውን ግንድ የሚቆርጡት ዛሬም የየክበቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ሼፈር መንገዱን በ1998፣ 80 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተጓዘው። ያን ጊዜ በኮምፓስ መሄድ አላስፈለገውም። ከ50 ዓመት በፊት በደበዘዘ ምልክት ብቻውን ያለፈበት ደን፣ ስማቸውን የማያውቃቸው ሰዎች በየዓመቱ በሚያድሱት ምልክት መርቶ አደረሰው። ዕቅድ ማውጣት፣ ሥራውንም ተፈጸመ ብሎ መመረቅ ለሙያ ማኅበራት የተለመደ ነው። የአፓላቺያን መንገድ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሥራው ከምረቃው በኋላ እንደሚጀምር፣ ሁኔታውንም እስከ መጨረሻው ሄዶ ያየውን የሚናገር ሰው ሲመጣ ጠይቆና መርምሮ መስማት እንደሚገባ ነው።