ግማሽ ሸቀሉ ላይ ያለው መሣሪያ

ዛሬም ከሻአሪያ፣ ከፔታህ ቲክቫ ነው የማናግራችሁ። እስቲ ከኪሳችሁ የግማሽ ሸቀል ሳንቲም አውጡ። ምን ይታያችኋል? ሁለት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ አግዳሚ፣ መሀሉ ላይ አውታር። ልጅ ሆኜ ለእናቴ ባሳያት «ክራር ነው» አለችኝ። አስተማሪዬ ደግሞ «ኪኖር ነው» አለች። ዛሬ ኪኖር ሲባል ግን ሁላችንም የምናስበው ቫዮሊን ነው። ታዲያ ማን ተሳሳተ?

ማንም አልተሳሳተም። የጥንቱ ኪኖር የክራርና የበገና ዘመድ ነው፤ ስሙን ለቫዮሊን የሰጠው አዲሱ ዕብራይስጥ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት ለሳኦል የሚደረድረው በገና ነው።

አሁን ወደ አውሮፓ ልውሰዳችሁ። ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ባሪቶን የሚባል እንግዳ መሣሪያ ይወድ ነበር። ከፊት ያሉት የጅማት አውታሮች በደጋን ይመታሉ፤ ከአንገቱ ጀርባ ያሉት የሽቦ አውታሮች አብረው ያስተጋባሉ፣ በአውራ ጣትም ይነካሉ። ቀጣሪው ልዑሉ ስለሆነ ሃይድን ከ1765 ጀምሮ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ120 በላይ ትሪዮዎች ጻፈለት፦ ባሪቶን፣ ቪዮላና ቼሎ። ልዑሉ ፊቱን ወደ ኦፔራ ሲያዞር ትሪዮው ቆመ። ባሪቶንም ቀስ በቀስ ተረሳ፤ የሚያነሱት ሰዎች የተገኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በገናም የመኳንንት ቤት መሣሪያ ነበር። አሥር የጅማት አውታር አለው፤ በአውታሩና በብርኩማው መሀል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ እንዝራ ትባላለች፣ ያን የሚነዝር ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም በገናን፣ ክራርን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን አንድ መድረክ ላይ አወጣቸው። ደርግ ሲመጣ ግን በገና የሃይማኖት ነው ተብሎ ተገፋ። እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ሊቃውንት ባይዙት ኖሮ እሱም እንደ ባሪቶን በሆነ ነበር።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። አንዳንዶቻችን «በገና የቤተ እስራኤል ነው» እንላለን። ደስ ይላል፣ ግን ታሪኩ እንደዛ አይደለም። በገና በይበልጥ የሚታወቀው በክርስቲያኖች ዘንድ፣ በዐቢይ ጾም ነው። የኛ ቄሶች በመስጊዱ የሚጸልዩት በግዕዝ ዜማ ነበር፤ መሣሪያቸውም ነጋሪትና መጥቅዕ ነው። ክራርና ማሲንቆ የሠርግና የጨዋታ ነበሩ። ይሄን ስል የሚከፋው ሰው አለ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን በሰው በገና ከመኩራት የራሴን ነጋሪት ባውቅ ይሻለኛል። የበገናን ታሪክ ለማድነቅ እኮ የኛ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ባሪቶንን ያስረሳው ነገር የኛንም ዜማ ያሰጋዋል። ዜማውን ከልጅነታቸው የተማሩት ቄሶች እያረጁ ነው፣ ተማሪው ደግሞ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ሲግድ ከፎቶው በፊት ጠጋ ብላችሁ ስሙ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ቄስ ካሉ፣ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዳችሁ አንድ ዜማ ቅዱ፤ ትርጉሙንም ጠይቋቸው።

በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ደህና ሁኑልኝ!