ከቤተሰብ ምሥጢር ወደ መንግሥት በጀት፦ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ሥራ በጃፓን



የታሪክ ሰው ስለ ሞት ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ጦርነትን፣ ረኃብንና ወረርሽኝን ይመረምራል። ዛሬ የማነሣው ግን በየቤቱ ተሸሽጎ ስለሚኖር ሞት ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ ቤተሰብ በኀፍረት ይደብቀው የነበረ ሐዘን እንዴት የመንግሥት በጀት ርእስ ሊሆን ቻለ? ለዚህ የጃፓንን ታሪክ መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1997 መጨረሻ የሆካይዶ ታኩሾኩ ባንክና ያማኢቺ የተባለው የአክሲዮን ደላላ ድርጅት በአንድ ወር ውስጥ ወደቁ። በዚያ ዓመት ራሳቸውን ያጠፉት ሰዎች በፖሊስ መዝገብ 24,391 ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 32,863 ደረሱ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለ14 ተከታታይ ዓመታት ቍጥሩ ከ30,000 በታች አልወረደም፤ በ2003 እንዲያውም 34,427 ሆነ።

እስከዚያ ድረስ ሸክሙን የተሸከመው ማን ነበር? ከ1971 ጀምሮ «የሕይወት ስልክ» በተሰኘው አገልግሎት በጎ ፈቃደኞች የተጨነቁ ሰዎችን ያዳምጡ ነበር። በኒጋታ አውራጃ በረዶ በሚበዛባት ማትሱኖያማ ደግሞ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ነርሶችና ሐኪሞች የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸውን አረጋውያን እየለዩ ቤታቸው ድረስ ሄደው ይከታተሏቸው ነበር። ሥራው እንደሚቻል ታይቷል፤ የጎደለው በሁሉም ሥፍራ የሚያስኬደው ገንዘብና ግዴታ ነበር።

ለውጡን የገፉት ሐዘንተኞች ናቸው። ወላጆቻቸውን በዚህ ሞት ያጡ ወጣቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ታሪካቸውን በአደባባይ መናገር ጀመሩ። በ2004 የቀድሞ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ያሱዩኪ ሺሚዙ «ላይፍሊንክ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በ2006 ሕግ እንዲወጣ የሚጠይቅ ከ100,000 በላይ ፊርማ ተሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር መሠረታዊው ሕግ ጸደቀ። ሕጉ ራስን ማጥፋት የግለሰብ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ፣ ከበስተጀርባው ማኅበራዊ ምክንያቶች እንዳሉ ደነገገ። ለመንግሥትና ለአካባቢ አስተዳደሮችም ኀላፊነት ሰጠ።

ሆኖም ድንጋጌ ያለ ገንዘብ አይራመድም። በ2009 መንግሥት 10 ቢሊዮን የን መድቦ ለአውራጃዎች አከፋፈለ። እያንዳንዱ አውራጃ በድርሻው ፈንድ አቋቋመ፤ ከተሞችና የበጎ አድራጎት ማኅበራትም ከዚያ ወሰዱ። ገንዘቡ ለአካልና ለስልክ ምክር፣ ለሠራተኞች ሥልጠና፣ ለሕዝብ ማስተማሪያና ለአካባቢው ተስማሚ ለሆኑ ሥራዎች ዋለ። ድካሙም ከዚያው ነበር፤ ፈንዱ ለሦስት ዓመት የታሰበ አስቸኳይ ድጋፍ ስለነበረ፣ ቋሚ አማካሪ ለመቅጠር የማያስተማምን ገንዘብ ነበር። በኋላ ዘመኑ ቢራዘምም አስተዳደሮች ነገን ሳያውቁ ሠርተዋል።

በ2012 ቍጥሩ ወደ 27,858 ወረደ። ገንዘቡ ሰው አዳነ እንበልን? እዚህ ላይ ጥንቃቄ እሻለሁ። በ2010 የአራጣን ብድር የሚገድበው ሕግ በሙሉ በሥራ ላይ ውሏል፤ ኢኮኖሚውም ከ2008ቱ ቀውስ በማገገም ላይ ነበር። እነዚህን ከፈንዱ ነጥሎ መመዘን አዳጋች ነው። ነገር ግን በዕዳ የተያዘን ሰው ወደ ሕግ ባለሙያ፣ የታመመውን ወደ ሐኪም የሚመራ አማካሪ ባይኖር፣ የብድሩ ሕግ ብቻውን ወደ ተጨነቀው ሰው ደጃፍ ባልደረሰም ነበር። ስለዚህ ምክንያቶቹን እንደ ተፎካካሪዎች ሳይሆን እንደ ተደጋጋፊዎች አያቸዋለሁ።

በ2016 ሕጉ ተሻሽሎ እያንዳንዱ አውራጃና ከተማ የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ ግዴታ ተጣለበት፤ በ2019 ቍጥሩ 20,169 ደረሰ። በ2020 ግን በወረርሽኙ ጊዜ ወደ 21,081 ከፍ አለ፤ በተለይም በሴቶች ዘንድ ጨመረ። የተገኘው ውጤት ተጠብቆ ካልተያዘ ወደ ኋላ ይመለሳል ማለት ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ የበጀት ሰነድን እንደ ደረቅ የሒሳብ መዝገብ አትለፉት። አንድ መንግሥት የማንን ሞት እንደ ራሱ ጉዳይ እንደሚቈጥር የሚገለጠው ከዐዋጁ ይልቅ በዚያ ሰነድ ነው። ገንዘቡ ለስንት ዓመት እንደ ተመደበም መርምሩ፤ ለአስቸኳይ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ጉዳዩን መንግሥት ገና በሙሉ ልቡ እንዳልተቀበለው ያመለክታልና።